የቧንቧው ዘበኛ ጩኸት

የቧንቧው ዘበኛ ያደታ ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በጀቤሳ ማሳ ውስጥ በደረቱ ተደፍቶ፣ እንደ እጥበት ጨርቅ ላምባ ውስጥ ተዘፍዝፎ ሞቶ ተገኘ። ወሩ መጋቢት፣ ዓመቱ ሃምሳ ሰባት ነው። ያነሱት ሰዎች ዓይኑን ከደኑለት፤ ተገለጠ። ደግመው ከደኑለት፤ ደግሞ ተገለጠ። በመጨረሻ ሚስቱ ፈለቀች ከነጠላዋ ጫፍ ቀዳ አሰረችለት። «የሚፈልገው ሰው ቢኖር ነው» አሉ ሽማግሌዎቹ፣ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው። ፖሊስ ግን የሚፈልገውን ሰው ለማግኘት አንድ ሰዓት አልፈጀበትም። ገበሬውን ጀቤሳን ከቤቱ አውጥቶ በሰንሰለት ጠፈረው።

ፖሊስስ ምን ያድርግ? ነገሩ አፍ አውጥቶ የሚናገር ይመስል ነበር። ነዳጅ ከጅቡቲ በባቡር ቦቴ ይመጣል። የአቃቂ ጣቢያ ሐዲድ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ፣ ነዳጁ ያለ ምንም ሞተር፣ በገዛ ክብደቱ፣ በአንድ የብረት ቧንቧ ቁልቁል ወደ ዴፖው ይወርዳል። ቧንቧው የሚያልፈው ደግሞ በጀቤሳ ማሳ ነው። ባለፈው ክረምት ከቧንቧው የተንጠባጠበ ነዳጅ የተቀላቀለበት ውኃ ጠጥታ ጊደሩ ስትሞትበት፣ ጀቤሳ በሰው ሁሉ ፊት «አንድ ቀን ይህን እባብ በመጥረቢያ ባልቆርጠው!» ብሎ ዝቷል። እንግዲህ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቧንቧው እዚያው ማሳ ውስጥ ተከፈተ፤ ላምባው እርሻውን አጥለቅልቆ ወንዝ ገባ፤ የጀቤሳ መጥረቢያ አጠገቡ ወድቆ ተገኘ፤ ዘበኛውም እዚያው ሞቶ ተገኘ። ከዚህ በላይ ማስረጃ ከሰማይ ይውረድ?

ሻምበል ዱጉማ ዓርብ ጠዋት ከአዲስ አበባ በባቡር የመጣው መዝገቡ ላይ ፈርሞ፣ በዐሥር ሰዓቱ ባቡር እስረኛውን ይዞ ሊመለስ ብቻ ነበር። ሰው ገድሏል፣ ነዳጅ አፍስሷል የተባለ ገበሬ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ መጨረሻው ገመድ እንደሆነ ጀቤሳም ያውቃል፣ ልጁም ታውቃለች፣ ሻምበልም ያውቃል።

ከባቡሩ ሲወርድ የተቀበለው ሽታው ነው። አየሩ ላምባ፣ የሰዉ ልብስ ላምባ፣ ጣቢያው በር ላይ የገዛው ዳቦ እንኳ ላምባ ላምባ ይላል። ወንዙ ዳር እንቁራሪት የለ፣ ወፍ የለ፣ ዶሮ እንኳ አይጮህም። በዚያ ጸጥታ መሐል ከቧንቧው በኩል አንድ ድምፅ ተሰማ። ኳ። ትንሽ ቆየና፤ ኳ፣ ኳ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ሻምበል።

ሊቀበለው የመጣው አስር አለቃ ኦልጅራ ኮፍያውን አስተካከለ። «ጌታዬ፣ ያደታ ነፍሱን ይማረውና፣ ቧንቧውን በመዶሻ እየመታ ነበር የሚዞረው። መስመሩ ደህና ሲሆን ሦስቴ ይመታል፤ ብረቱ ድምፁን እስከ ጣቢያው ያደርሰዋል። ያን ጊዜ እላይ ጣቢያው ያለው ካቦ በቀለ መዝጊያውን ይከፍታል። አሁን እንግዲህ... ያደታ ከተቀበረ በኋላም ቧንቧው ይመታል።»

«ባዶ ብረት ፀሐይ ሲመታው ይጮሃል።»

«እኛም እንዲያ እያልን ነው፣ ጌታዬ» አለ ኦልጅራ። ፊቱ ግን እንዲያ አይልም ነበር።

ሻምበል ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ መዝገቡን ገለጠ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ አንዲት ቃል ላይ ቆመ። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ «ከቧንቧው አጠገብ የሚኖሩት እማማ አለሚቱ በአስተርጓሚ እንደገለጡት፣ ሟቹ ‹ዝጉ! ዝጉ!› እያለ ሲጮህ ሰምተዋል። ከዚህም ወንጀለኞቹ ከአንድ በላይ መሆናቸው ስለታወቀ የጀቤሳ ወንድሞች እየተፈለጉ ነው። ሰዓቱን ከረፋዱ አራት ሰዓት ነው ይላሉ፤ ቧንቧው የተከፈተው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ በእርጅና ምክንያት ተሳስተዋል።»

ያቆመችው «በአስተርጓሚ» የምትለው ቃል ናት። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ገና ተራ ፖሊስ ሳለ፣ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ አድርገውት ነበር። ቀጀላ የሚባል ገበሬ የተናገራትን አንዲት ቃል አጣሞ ወደ አማርኛ መለሳት፤ ሰውዬው እስር ቤት ሞተ። ከዚያ ወዲህ ሻምበል ብቻውን መንገድ ሲሄድ ከኋላው ኮቴ ይሰማዋል። ዞር ሲል ማንም የለም። ይህን ለሚስቱ እንኳ ተናግሮ አያውቅም።

«አስተርጓሚው ማን ነበር?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። ቃል በቃል ነው የተረጎምኩት፤ ስሕተት የለበትም።»

«ሴትዮዋ ቤት ውሰደኝ። ግን መጀመሪያ ማሳውን ልየው።»

ማሳው የጦርነት ቦታ መስሏል። ሃያ የሚሆኑ ሴቶችና የቀን ሠራተኞች ወንዙ ዳር ተሰልፈው ጭድ ይበትናሉ፣ ከጥጥ ፋብሪካው በመጣ ብጫቂ ጥጥ ላምባውን ከውኃው ላይ እየመጠጡ በርሜል ውስጥ ይጨምቃሉ። የዴፖው ኃላፊ አቶ ተክሌ፣ ክራባት ያሠረ ወጣት፣ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ይቆጣጠራል።

«እኔ እንኳ ከዚህ በኋላ ሽቶ የሚሸተኝ አይመስለኝም» አለ ሻምበልን እየጨበጠ።

ሻምበል ቧንቧው የተከፈተበት መገጣጠሚያ ላይ ተንበረከከ። «አቶ ተክሌ፣ እስቲ ይህን ይመልከቱልኝ። ብሎኖቹ አልተሰበሩም፤ በመፍቻ ተፈትተው ሳር ውስጥ ተጥለዋል። መጥረቢያው ብረቱን ጫር ጫር ከማድረግ በቀር ምንም አልፈየደም።»

«እውነትም... ልብ አላልኩትም።»

«ልኩ የሆነ መፍቻ ያለው ማን ዘንድ ነው?»

«ሁለት ነው ያለን። አንዱ ካቦ በቀለ ዘንድ፣ አንዱ ያደታ ወገብ ላይ። አስከሬኑ ሲነሣም ወገቡ ላይ ነበር።»

«ማክሰኞ በዚህ ቧንቧ ምን ወረደ?»

«ጠዋት ናፍጣ፣ ከሰዓት በኋላ ላምባ። ቧንቧው አንድ ነው እኮ። ናፍጣው ሲያልቅ ውኃ እንለቅበትና እናጥበዋለን፤ ከዚያ ስምንት ሰዓት ላይ ላምባ ተለቀቀ።»

«ናፍጣው ሳይጓደል ደረሳችሁ?»

ተክሌ አሰበ። «አራት ሰዓት አካባቢ ድንገት ቀነሰ። ጣቢያው ስልክ ደወልኩ፤ የሚያነሣ ጠፋ። ቢቸግረኝ እስከ አምስት ሰዓት ስልኩ ሥር ተቀመጥኩ። በኋላ ተስተካከለና ተውኩት።»

«ኦሮምኛ ይችላሉ?»

«እኔ? ከደብረ ብርሃን ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ከሰላምታ አላልፍም። ያደታም ከእኔ ጋር በአማርኛ ነበር፣ እንደምንም።»

ይህን ሲነጋገሩ አንዲት ልጅ ጭድ የተሞላ ቅርጫቷን አስቀምጣ ሻምበል ፊት ቆመች። እጆቿ አብጠዋል። የጀቤሳ ልጅ ዳሲቱ ነበረች።

«አባቴን የሚወስዱት እርስዎ ነዎት አሉ» አለች።

«በዐሥር ሰዓቱ ባቡር።»

«እሺ» አለች፤ ሌላ የምትለው ጠፍቶባት እንጂ እሺ ብላ አይደለም። «ሦስት ቀን ሙሉ የማጸዳው ከብቶቻችን ከዚህ ስለሚጠጡ ነው። አባዬ ተመልሶ ወንዙን እንዲህ ቢያገኘው...» አንገቷን ደፋች። ማልቀስ ግን አላለቀሰችም፤ ተናዳ ነበር።

ሻምበል ከፊቷ ዘወር ማለት አቃተው። «ሦስት ቀን ሙሉ ጭድ ይዘሽ ውለሻል። ያላማረሽ ነገር የለም?»

«አለ እንጂ! ማን ጠይቆኝ። የማሳችን ጭድ ጠዋት በትነነው ከሰዓት ደርቆ እናገኘዋለን፤ ላምባው ይተናል። የዚያ የላይኛው ጉድጓድ ጭድ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልደረቀም። እጅ ላይ ይለጠፋል።»

«የቱ ጉድጓድ?»

በጣቷ ሽቅብ ወደ ባሕር ዛፎቹ አመለከተች። «ካቦ በቀለ ረቡዕ ማለዳ ‹መጀመሪያ እዚያ በትኑ› አለን። እንዲያውም ስቀንበታል። ላምባው ታች፣ ጭዱ ላይ!»

ሻምበል አልሳቀም። ዳገቱን ብቻውን ወጣ። ከጣቢያው ሐዲድ መቶ ሃምሳ እርምጃ ያህል ዝቅ ብሎ፣ ከማሳው ደግሞ በላይ፣ በድንጋይ የተገነባ ሰው የሚያስቆም ጉድጓድ አለ፤ ቧንቧው እዚያ ውስጥ ይገጣጠማል። ላምባ ሽቅብ አይፈስም። ከጉድጓዱ ጭድ ዘግኖ አሸተተ፤ ናፍጣ ነው። ጎንበስ ብሎ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አየ። ሁሉም በዘይት ጠቁረዋል፤ አንዱ የጠርዝ ድንጋይ ብቻ በአሸዋ ተፈግፍጎ ነጭ ሆኗል። እሱን ሲነካ ቧንቧው እግሩ ሥር መታ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። የማጅራቱ ጠጉር ቆመ። ፀሐይ ነው፣ አለ ለራሱ፤ ቀና ሲል ግን ሰማዩ ደምኗል።

እማማ አለሚቱ ከጉድጓዱ ትንሽ ወረድ ብሎ ካለው ጎጆአቸው ደጃፍ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ሻምበል በኦሮምኛ ሰላምታ ሲያቀርብላቸው ፊታቸው በራ።

«እንዲያው ያን ዕለት ያደታ ያለውን ቃል፣ እንዳለው አድርገው ይንገሩኝ።»

«‹ጩፋ! ጩፋ!› ነው ያለው።»

«‹ጩፊ› አላለም?»

«አንተ ልጅ፣ አረጀሁ እንጂ ደነቆርኩ እንዴ? ጩፋ! ሦስቴ ነው የጮኸው። ሦስተኛው አላለቀም፤ መሐሉ ላይ ቀረ።» ምስሩን አስቀመጡት። «አሁንም ረፋድ ላይ ይሰማኛል። እስኪያልቅ እጠብቃለሁ፤ አያልቅም።»

«ሰዓቱን ተሳስተዋል ይላሉ።»

«ማን ነው የተሳሳተው? ገበያተኛው ሁሉ ወጥቶ ሰፈሩ ባዶ ሲሆን፣ የበሩ ጥላ ከዚህ ድንጋይ ላይ ሲደርስ ነው። ማክሰኞ አይደል፣ ገበያ ነው። እዚህ የቀረነው እኔና ውሻው ነን።»

ሻምበል ድንጋዩን ከበሩና ከፀሐይ መውጫው ጋር ለክቶ አየው። አራት ሰዓት ይሆናል።

ከዚያ ለቅሶ ቤት ሄደ። ድንኳኑ ውስጥ ካቦ በቀለ በር ላይ ቆሞ እንግዳ ያስተናግዳል። አባቱ ከሐዲዱ ጋር የመጡ ናቸው፤ እሱ ግን ተወልዶ ያደገው አቃቂ ነው። ከባቡር ሰው ጋር በአማርኛ፣ ከገበሬው ጋር በኦሮምኛ ሲነጋገር የቱ የአፍ መፍቻው እንደሆነ አይታወቅም። ዓይኑ ደም መስሏል።

«ካቦ፣ ይቀመጡ እንጂ፤ ቆመው ዋሉ እኮ» አለችው ፈለቀች።

«ግድ የለም፤ ይልቅ እርስዎ ትንሽ አረፍ ይበሉ» አላት።

ሻምበል ሁለቱንም አየ። እኩያ ናቸው። በቀለን ወደ ድንኳኑ ጥግ ወሰደው።

«ማክሰኞ ያደታን መቼ አዩት?»

«ጠዋት ሁለት ሰዓት። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። ሦስቴ መታልኝ፣ ከፈትኩ፣ አለቀ።»

«ጩኸትስ?»

«አልሰማሁም!» ጥያቄው ሳያልቅ ነበር የመለሰው።

ከታች ከቧንቧው በኩል፣ ከሩቅ፣ ኳ አለ። በበቀለ እጅ የነበረው የውኃ ብርጭቆ ግማሹ ኮቱ ላይ ፈሰሰ። «ይኸው! ተሰማዎት? ለእኔ ብቻ ነው ይላሉ፤ ተሰማዎት አይደል?»

«ተሰማኝ» አለ ሻምበል። እውነቱን ነው።

ፈለቀችን የጠየቃት ስለ ሟቹ ልብስ ነበር። ልብሱን አቃጥለውታል፤ የጎማ ቦት ጫማውን ግን ልትጥለው አልሆነላትም፤ ጓሮ አስቀምጣዋለች። «ሳወልቅለት ሙሉ ነበር፤ እንዳለ ነው የተውኩት» አለች። ሻምበል ጫማውን ጣሳ ላይ ዘቀዘቀው። ዝልግልግ ያለ ቢጫ ነገር ወረደ። መዳፉ ላይ አሸው፤ አልተነነም። ቁራጭ ጥጥ ነክሮ ክብሪት ሲጭርበት የሚንቦለቦል ጥቁር ጭስ ወጣ።

«ይህ ላምባ ነው?» አላት።

ፈለቀች ኩራዝ ስትሞላ የኖረች ሴት ናት። «ወዲያ! የምን ላምባ? ናፍጣ ነው እንጂ» አለች።

«ባለቤትሽ ጀቤሳን እንዴት ነበር የሚያነጋግረው?»

«አንተ ነዋ! አብሮ አደጉ አይደል። ሲጣሉም አንተ፣ ሲታረቁም አንተ።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሻምበል ሁሉንም ጣቢያው መጋዘን ውስጥ ሰበሰባቸው። እማማ አለሚቱ ሣጥን ላይ ተቀመጡ፤ ፈለቀች አጠገባቸው። አቶ ተክሌ ሰዓቱን ያያል። ካቦ በቀለ በር ላይ። ጀቤሳ በሁለት ፖሊስ መሐል በሰንሰለቱ ቆሟል፤ ዳሲቱ ከአባቷ ፊት ዓይኗን አልነቀለችም። ባቡሩ ሊደርስ አንድ ሰዓት ቀርቶታል።

«ከጫማው ልጀምር» አለ ሻምበል። «ያደታ የተገኘው ላምባ ውስጥ ነው። ጫማው ውስጥ ግን ያገኘሁት ናፍጣ ነው። ማክሰኞ በዚያ ቧንቧ ናፍጣ የወረደው ጠዋት ብቻ ነው። ስለዚህ ያደታ ስምንት ሰዓት ላይ አልሞተም፤ ከሰዓታት በፊት ሞቶ ነበር። እማማ አለሚቱ አራት ሰዓት ያሉት እውነት ነው።»

«እኔስ ምን አልኩ!» አሉ እማማ አለሚቱ፣ ሲተረጎምላቸው።

«የሞተውም ማሳው ውስጥ አይደለም። ናፍጣ የፈሰሰው ላይኛው ጉድጓድ ነው። ጭዱ ይመሰክራል፤ እስከ ዛሬ አልደረቀም። የጠርዙ ድንጋይም በአሸዋ ታጥቧል፤ ደም ነበረበት ማለት ነው። አስር አለቃ፣ አራት ሰዓት ላይ ጀቤሳ የት ነበር?»

ኦልጅራ ተንተባተበ። «ገበያ ነበር፣ ጌታዬ። እኔው ራሴ ጤፍ ሲሸጥ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልጻፍከውም?»

«ስለ አራት ሰዓት ማንም አልጠየቀኝም፣ ጌታዬ።»

ዳሲቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እንግዲህ አንድ ሰው አስከሬኑን ከጉድጓዱ ወደ ማሳው አወረደ» አለ ሻምበል። «ሰፈሩ ገበያ ወርዷል፤ የሚያየው አልነበረም። የጉድጓዱን መገጣጠሚያ መልሶ አጠበቀ፤ ናፍጣውና ማጠቢያው ውኃ ካለፉ በኋላ የማሳውን በመፍቻ ፈታ። የጀቤሳ ዛቻ ትዝ ብሎት ማሳው ውስጥ ባገኘው የጀቤሳ መጥረቢያ ብረቱን ጫረው። ከሰዓት በኋላ ላምባው ሲለቀቅ ቀሪውን ላምባው ሠራለት። በማግሥቱም ማንም ነዳጅ ፈሰሰ ያላለበት ቦታ ላይ መጀመሪያ ጭድ አስበተነ።»

የሁሉም ዓይን ወደ በሩ ዞረ። በቀለ ላብ አጥምቆታል። «ወንዙን ለመጠበቅ ነው ያስበተንኩት! ይሄ ወንጀል ነው? ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ መፍቻ ያለኝ?»

«ሌላው መፍቻ ሟቹ ወገብ ላይ ነበር። ግን እሱንም እንተወው። ያደታን ራሱን እንጠይቀው።»

ፈለቀች አማተበች።

«ያደታ ሲሞት የጮኸው ‹ጩፋ!› ብሎ ነው። አስር አለቃ ኦልጅራ ‹ዝጉ› ብሎ ተረጎመው። ቃል በቃል ልክ ነው፤ ጀቤሳን ገመድ አፋፍ ያደረሰውም ይኸው ልክ ነው። በአማርኛ ‹ዝጉ› ለብዙ ሰው ነው፤ አንድ የምናከብረውን ሰው ‹ይዝጉ› እንለዋለን። በኦሮምኛ ግን አንተ የምንለውን ሰው ‹ጩፊ› እንለዋለን፤ ለብዙ ሰውም፣ አንቱ ለምንለው ለአንድ ሰውም ያው ‹ጩፋ› ነው። ያደታ ናፍጣ ሲፈነዳበት ወንበዴ መሐል አልነበረም። እላይ መዝጊያው ዘንድ ለቆመ ለአንድ ሰው ነው የጮኸው፤ በአንቱታ። ጀቤሳን አንተ ነው የሚለው። አቶ ተክሌን በአማርኛ ነው የሚያናግረው፤ እሳቸውም ዴፖው ስልክ ሥር ነበሩ። የጣቢያውን ስልክ ግን ያነሣ አልነበረም።»

«እኔንም አንተ ነው የሚለኝ!» አለ በቀለ። ድምፁ መጋዘኑን ሞላው። «ሠላሳ ዓመት! አብረን በልተን፣ አብረን ሰክረን፣ ሠላሳ ዓመት አንተ ነው ያለኝ! አቃቂ ይመስክር!»

«ሠላሳ ዓመት፣ እውነት ነው» አለ ሻምበል ቀስ ብሎ። «ፈለቀች፣ ዛሬ ጠዋት ካቦን ‹ይቀመጡ› ስትዪአቸው ሰማሁ። እሳቸውም ‹እርስዎ› አሉሽ። ከመቼ ወዲህ ነው?»

ፈለቀች ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ገባት።

«ከእሑድ ወዲህ ነው» አለች። «እሑድ ልጃችንን ለልጃቸው ቃል አሰርን። አማች ሆንን። ባሌ የዚያን ዕለት ‹ከእንግዲህ በቀለን አንተ ስል ከተገኘሁ ምላሴን ቁረጪው› አለኝ። አማች አንቱ ነው፤ ወጋችን ነው።»

በቀለ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተና መሬት ላይ ተቀመጠ።

«አልገደልኩትም» አለ። «ጠዋት ሦስቴ መታልኝ፤ ከፈትኩ። አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ‹የላይኛው መገጣጠሚያ ያለቅሳል፣ ይዘጋልኝ ላጥብቀው› ብሎ ገበያ የሚወርድ ሰው ላከብኝ፤ ዘጋሁ። ብዙም ሳይቆይ ከብረቱ ሦስት ምት ተሰማኝ። ለካ ብሎን አልፈታ ብሎት እየደበደበው ነበር። እኔ ጨረስኩ ያለኝ መሰለኝና ከፈትኩ። ወዲያው ጩኸቱን ሰማሁ። ሰምቻለሁ! ‹ጩፋ!› ይላል። እኔን የሚለኝ አልመሰለኝም። ሁልጊዜ ከብት የሚያሳልፉትን ሰዎች የማሳውን በር ዝጉ እያለ ይጮህባቸዋል። እነሱን ነው አልኩ፤ አማችነታችን በዚያ ሰዓት ትዝ አላለኝም። እኔንማ ሠላሳ ዓመት ‹ጩፊ› ነው የሚለኝ፤ ‹አንተ በቀለ፣ ጩፊ!› ቢለኝ ኖሮ እጄ ሳላዝዘው ይዘጋው ነበር።» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ሦስተኛው ሲቋረጥ እንኳ አልገባኝም። ቆይቼ ስወርድ ጉድጓዱ ሞልቷል። ተንሸራቶ ጠርዙ ላይ ወድቆ ነው። ዓይኑ ተገልጦ እላይ ወደ እኔ ነበር የሚያየው።»

ፈለቀች ድምፅ ሳታወጣ ታለቅስ ነበር። ሻምበል ለአፍታ ስለ ሌላ ሰው፣ ስለ ቀጀላ፣ ስለ ሌላ ቃል አሰበ። ከዚያ ራሱን ነቅንቆ ለኦልጅራ ምልክት ሰጠው። ኦልጅራ የጀቤሳን ሰንሰለት ፈታ።

ጀቤሳ ያበጠ የእጅ አንጓውን እያሻሸ በቀለ ፊት ሄዶ ቆመ። ሁሉም ይመታዋል ብሎ ጠበቀ። ጀቤሳ ግን አጎንብሶ አየው።

«ያደታን ያልሰማኸው ተሳስተህ ነው፤ ይሁን» አለው። «እኔን ግን ሦስት ቀን በሰንሰለት በበርህ ሲያመላልሱኝ ታየኝ ነበር። ልጄ እጇ እስኪያብጥ ከፊትህ ጭድ ስትበትን ታያት ነበር። እኛን ምን ብለህ ሰማኸን?»

«ፈራሁ፣ ጀቤሳ።»

«እኔም እኮ ፈርቼ ነበር» አለ ጀቤሳ።

ዳሲቱ መጥታ ክንዱን ያዘችውና ከመጋዘኑ ወጡ፤ እስከ ሐዲዱ ማዶ ድረስ ደግፋ ወሰደችው። የዐሥር ሰዓቱ ባቡር በሰዓቱ መጣ። ሻምበልና በቀለ ሦስተኛ ማዕረግ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ባቡሩ ሲነሣ ሁለቱም ጆሮአቸውን ወደ ቧንቧው በኩል ጣሉ።